የሔርሜላ ሽርጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ከመጋቢት እስከ መስከረም ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ወይ ሀብታም ነው ወይ ከጎረቤት የተጣላ ነው። ሌላው ሕዝብ አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ፣ ስስ አንሶላ ጣል አድርጎ፣ ከጎረቤቱ ጎን ለጎን ያድራል። ለገሀሬ ያለው የእነ ሔርሜላ ግቢም እንደዚሁ ነው፤ አራት ቤት፣ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የተደረደሩ አልጋዎች። ጎህ ሲቀድ ከወፉ ቀድማ የምትነቃው ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ሳጥን ናት።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሔርሜላ? ጤናዎስ እንዴት ነው?»

ሳጥኗን የሰቀላት የጤና መድኑ ነው። ሰዉ «ጠያቂዋ» ይላታል፤ ድምፅዋም የታመመ ሰው ልትጠይቅ ብርቱካን ቋጥራ የመጣች አክስት ይመስላል። የግቢውን ሰው በየስሙ እየጠራች፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከአልጋው ሳይወርድ ትጠይቀዋለች። መድኑ እንደሚለው ሰው ከእንቅልፉ እንደነቃ አይዋሽም። ይህን ያጠናው ባለሙያ የየት አገር ሰው እንደሆነ አይታወቅም፤ የእኛ አገር ሰው እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል።

ሔርሜላ በዚያ ሰዓት ከአንሶላው ሥር የሆዷን ቆዳ በአንድ እጇ ወደ ላይ ታነሣለች፤ በሌላው ሌሊቱን ቁስሉ ላይ የተጣበቀውን ሻሽ ቀስ አድርጋ ትልጣለች። ጥርሷን ነክሳ ትጨርስና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች።

«እናመሰግናለን። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ከዚያ ተራው የጎረቤቷ የሙና ነው። ሙና አንድ ጉልበቷ ከታጠፈ ለመዘርጋት እርዳታ የሚፈልግ ሴትዮ ናት። እሷም ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። በዚህ ዓይነት ግቢው በሙሉ በደህና ይነጋለታል።

ሔርሜላ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ስሟ የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ከተማው ውስጥ ያሉት ሔርሜላዎች ሁሉ ሽበታም ሆነዋል። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በመርፌው ዘመን፣ አንድ መቶ ሠላሳ ኪሎ ትመዝን ነበር። ስኳርና ደም ግፊት ያስጨነቁት መድን ለአባሉ ሁሉ የሚያከሳ መርፌ አደለ፤ ከተማውም ከሳ። የሠርግ ድግስ እየተረፈ ይመለስ ጀመር፣ ወንበር ሠሪዎች ወንበር አጠበቡ፣ ባጃጅ ከኋላ አራት ሰው ይጭን ጀመር። ሔርሜላም ግማሽዋን ጣለች፤ ስኳሩም ለቀቃት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ማጨብጨብም ያስፈልግ ነበር።

ሥጋው ሄደ፣ ቆዳው ግን ቀረ። ከእምብርት በታች ታጥፎ ጭን ላይ ይወድቃል። ድሬዎች ደግሞ ስም ለማውጣት ማን ብሏቸው፤ «ሽርጥ» አሉት። ወንዱ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ በሚያገለድምበት ከተማ ስሙ ወዲያው ለመደ። «ሽርጥሽን ሰብሰብ አድርጊልኝማ፣ ልለፍበት» ይባባላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሔርሜላም አብራ ትስቃለች፤ እንጀራዋም ከዚያው ነው። ልብስ ሰፊ ናትና ሽርጥ ወደ ላይ የሚደግፍ መቀነት ትሰፋለች። ላብ የማይዝ ጨርቅ፣ ከወገብ በላይ ሰፊ ማሰሪያ፣ ለሠርግ ቀን የሚሆን ጥለት ያለውም አላት።

መቀነቱ ግን ለቆመ ሰው እንጂ ስፌት መኪና ላይ ሲያጎነብስ ለሚውል አይደለም። በድሬ ሙቀት እጥፋቱ መሀል መቼም አይደርቅም። ሔርሜላ በቀን ሦስት ጊዜ መጋረጃ ዘግታ፣ ቆዳዋን አንሥታ፣ ቬንትሌተር ፊት ትቆማለች፤ ዱቄት ትነሰንሳለች፣ አዲስ ሻሽ ታስገባለች። ይህን ሥራ ለዓመታት ስትሠራው እንደ ጥርስ መፋቅ ሆኖባት ነበር። በየካቲት ቁስሉ አመረቀዘ፤ ደሟን መረዘው፤ በቃሬዛ ተወሰደች።

ያዳነቻት ዶክተር ኢፍቱ ነገር አታድበሰብስም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገረቻት።

«ሔርሜላ፣ ስሚኝ። ይሄ ቆዳ ካልተነሣ ቁስሉ አይደርቅም። ዘንድሮ መድኃኒቱ ሠርቶልሻል። ተመልሶ ከመጣ ግን የምሰጥሽ ሌላ የለኝም። ማንም የለውም።»

«ታዲያ ቁረጪልኛ!»

«እኔማ ዛሬውኑ ባነሣልሽ ደስታዬ ነበር። መድኑ ካልፈቀደ ግን የቀዶ ጥገናው ክፍል በር አይከፈትልኝም።»

ይህን ያለችው በምሳሌ አይደለም፤ በሩ በእርግጥም አይከፈትም። ዶክተር ኢፍቱ ጥያቄውን ላከች፤ መልሱ በመጋቢት በሔርሜላ ስልክ መጣ፤ ያነበበችላት ያቺው የአክስት ድምፅ ናት። «ጥያቄዎ በጥንቃቄ ታይቷል። ትርፍ ቆዳው ጤናዎን ስለማወኩ ማስረጃ አልተገኘም። በየማለዳው ደህና መሆንዎን በራስዎ አንደበት አረጋግጠውልናል። እንኳን ደስ ያለዎት።»

ሔርሜላ ነጠላዋን ደርባ ሳቢያን ወዳለው የመድኑ ቢሮ ሄደች። የተቀበላት ኪሩቤል የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ከጀርባው በትልቁ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ፣ የገዛ ራሷን ድምፅ ከፈተላት።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና፣ ደህና። ምን እሆናለሁ ብለሽ፤ ደህና ነኝ።» ማለዳ በማለዳ ላይ ይከተላል። አንዱ ጋ ሲደርስ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷም ሲንገጫገጭ ይሰማል። «ተመስገን፤ በጣም ደህና ነኝ።»

«ይሄን ቀን እኮ በቃሬዛ ነው የወሰዱኝ!» አለች።

«አውቃለሁ፣ እናቴ። የሐኪሟ ቃል እዚህ አለ። ግን የሐኪምና የአባል ቃል ሲጋጭ የአባል ቃል ይጸናል። ለአባላት መብት ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ አንተን ሰው እንዴት አደርክ ሲልህ ምን ትላለህ?»

«ደህና እላለሁ።»

«እና ደህና ነህ?»

ኪሩቤል ወደ በሩ አየት አደረገ። «እዚህ እንደሱ አይጠየቅም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ መንገዱን አሳያት። ሦስት ወር ሳይቋረጥ፣ በየማለዳው፣ ሕመሟን ለጠያቂዋ ትናገር። ያን ጊዜ ጥያቄው ያለ ማንም ፊርማ ያልፋል። አንድ ቀን ብቻ ደህና ካለች ግን ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ክፍሏ ገብታ ለብቻዋ ልትናገርም አትችልም፤ መልሱ የሚወሰደው ካደሩበት አልጋ ነው።

«ይሄማ ምን አለው» አለች ሔርሜላ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጠያቂዋ እንደምን አደሩ አለች። ሔርሜላ፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ከመለሰች በኋላ ነው ዓይኗን የገለጠችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በሁለተኛው ቀን ነቅታ ጠበቀቻት፤ ልክ ስትጠየቅ ግን አፏ ቀደማት። በሦስተኛው፣ «አሞኛል» ልትል ተነሥታ፣ የግቢው ሰው አንሶላው ውስጥ ሆኖ ጆሮውን እንዳቆመ ትዝ ሲላት፣ «ደህና ነኝ፤ ትንሽ ብቻ» አለች። ትንሹን ጠያቂዋ አልቆጠረችላትም።

«ሰው እንዴት አሞኛል ማለት ያቅተዋል?» አለች ሙና እየሳቀች።

«በራሴ ላይ ማሟረት እየመሰለኝ እኮ ነው! ደግሞስ ያወጣኝን አምላክ ልካድ?»

«ምስጋናውን ለፈጣሪሽ አድርሺ፣ ስሞታውን ለሳጥኗ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?»

ሙና የዚያን ቀን ማታ አልጋዋን እየጎተተች አምጥታ ከሔርሜላ አልጋ ጋር አጋጠመችው። ሲነጋ ጠያቂዋ ገና «እንደምን» ስትል የሔርሜላን ክንድ ቆነጠጠቻት።

«ውይ! አሞኛል! ደህና አላደርኩም!»

ጥግ ላይ ያለው ጎረቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አዝናለሁ» አለች ጠያቂዋ። «የት ላይ ነው የሚያምዎት?»

ሳጥኗ ከተሰቀለች ስንት ዓመቷ፤ ሁለተኛ ጥያቄ እንዳላት ግን በግቢው ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሔርሜላ ሙናን አየቻት፤ ሙናም እሷን። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከእምብርቷ በታች ስላለው ነገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ከኀፍረቷ የተነሣ ያን ቀን ሱቋን አልከፈተችም።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁንጥጫው ቀረ፤ ሔርሜላም ሕመሟን በየስሙ መጥራት ተማረች። የሚለበልበው ጠዋት ነው፤ የሚጠዘጥዘው ከሰዓት፤ ወጋ ወጋ የሚያደርገው ደግሞ ስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብስ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም አንድ ሕመም ይመስላት ነበር። ችግሩ አፏ ከግቢ ውጭም አልመለስ አለ። ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴት፣ «እንዴት ነሽ፣ ሔርሚ?» ብትላት፣ «ዛሬ ይለበልበኛል፤ ሌሊትም አልተኛሁም» አለቻት። ሴትዮዋ ሽንኩርቱን እንደያዘች ቀረች። እንዲህ ላለ መልስ የሚመለስ መልስ ማንም አላስተማራትም። ሰዎች ሔርሜላን ከሩቅ በእጅ ሰላም እያሉ ማለፍ ጀመሩ፤ የመቀነት ደንበኞቿም ሳሱ። ቆጠራው ግን አልተቋረጠም። ሐምሌ ገባ፤ ሦስት ወሩ ሊሞላ ሳምንት ቀረው።

አባቷ የመጡት ያን ጊዜ ነው።

አቶ ሮቤል መኢሶ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በየዓመቱ ለሐምሌ ቁልቢ ገብርኤል ሲሳለሙ ልጃቸው ቤት ያርፋሉ። ሚስታቸው የሞቱት እግራቸውን ሚስማር ወግቷቸው ነው፤ ሚስማር። ቁስሉን ለማንም ሳያሳዩ፣ ደህና ነኝ እንዳሉ፣ ቁስሉ መድኃኒት እንቢ ብሎ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሔርሜላና ወንድሞቿ ተማክረው ለአባታቸው ደግ ደጉን ብቻ ያወራሉ። በየካቲት ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ እንኳ ክር ልትገዛ ጅቡቲ ሄዳለች ነው የተባሉት። ጅቡቲ እንዴት ከረመች ሲሏትም፣ ሞቃለች ብላቸዋለች።

ሽማግሌው ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ አልጋቸው ከኒሙ ሥር ከሔርሜላ አልጋ ፊት ለፊት ሲዘረጋ ሔርሜላ ሙናን ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«ነገ ጠዋት ሲሰማኝ ይሞትብኛል» አለች። «እንደ እናቴ ልሄድ እንደሆነ ነው የሚያስበው።»

«የእኔ ዘመዶች ጋ ይደር፤ ከዚራ ያለው ቤታቸው ሰፊ ነው።»

ጠየቋቸው። «ሴት ልጄ ቤት እያለ የት ነው የምሄደው?» አሉ አቶ ሮቤል፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ሙና ሌላ ዘዴ አመጣች። «እንግዲያው ውሸት ነው በዪው! ለመድኑ ብዬ የማወራው ነው፣ ቆዳዬን በነፃ እንዲያነሡልኝ ነው በዪው። ይስቃል እንጂ አይደነግጥም።»

አቶ ሮቤል ባቡር ሲዘገይ፣ ጥፋቱ የራሳቸው ከሆነ፣ በድምፅ ማጉያ ለተሳፋሪው ሁሉ የሚናዘዙ ሰው ነበሩ። መድን ማጭበርበር የሚያስቃቸው ዓይነት አይደሉም። ሔርሜላ ግን ሌላ መውጫ አጣች። አንድ ማለዳ ደህና ብትል ሦስቱ ወር ከአፈር ይቀላቀላል፤ እንደገና እስክትጨርስ ደግሞ ቁስሉ ይጠብቃት እንደሆነ ዶክተር ኢፍቱም አታውቅ። አባቷ የታመመች ልጅ ከሚያዩ አጭበርባሪ ልጅ ቢያዩ ይሻላል ብላ ቆርጣ ተኛች።

ነጋ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሔርሜላ? ጤናዎስ እንዴት ነው?»

«ደህና አላደርኩም» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። የት ላይ ተባለች፤ ነገረቻት። ምን ዓይነት ሕመም ተባለች፤ እሱንም ነገረቻት። ዛሬ ሻሹ ደም ይዞ እንደወጣ ነገረቻት። ጠያቂዋ አመሰገነች።

ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። እግራቸው መሬት ላይ ነጠላ ጫማ ይፈልጋል፤ ጫማውን ግን አያዩትም፤ እሷን ነው የሚያዩት።

«ሔርሚ» አሉ። «ይሄ ያልሽው… ለሳጥኗ ብለሽ ነው አይደል?»

የተዘጋጀው ውሸት ይኸው በአባቷ አፍ መጣላት። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ከአጠገቧ ሙና የተኛች መስላ አንሶላውን ስባለች፤ በአንሶላው ሥር ግን የሔርሜላን እጅ ያዘች። ሔርሜላ ሦስት ወር ሙሉ ለአንዲት ሳጥን እውነቱን ስትነግር ከርማ፣ ይህን ሰው ጅቡቲ ሞቃለች እያለች መሸኘቷ አንገበገባት።

«አይደለም፣ አባዬ» አለች። «እውነቴን ነው። አሞኛል። ክረምቱን ልሞት እችላለሁ።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ሔርሜላ መሐረቧን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች፤ መጮኻቸውን፣ መውደቃቸውን፣ ደረታቸውን መያዛቸውን ጠበቀች።

«እኔም» አሉ።

«ምን እኔም?»

«እኔም አሞኛል። ከእናትሽ ወዲህ ደህና አድሬ አላውቅም።» ግራ እጃቸውን አንሥተው አሳዩዋት። «ይቺ ደነዘዘች። ቁልፍ መቆለፍ ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ። ይኸው ሸሚዜን ሁሉ ቁልፉ እንደተቆለፈ በአንገቴ ነው የማጠልቀው። ሌሊት ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። እፈራለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረንም፣ አባዬ?»

«ለማን ልንገር? አንቺ ደህና ነሽ፤ ወንድሞችሽ ደህና ናቸው። በደህና ሰዎች መሀል ብቻዬን ልታመም?»

ሔርሜላ ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሻሹን አሳየቻቸው፤ እሳቸውም ጣቶቻቸውን አሳዩዋት፤ የትኛው እንደሚሰማና የትኛው እንደማይሰማ በየተራ ነካካቻቸው። ስለ እናቷ እግርም ለመጀመሪያ ጊዜ አወሩ። ጠያቂዋ መሀል ላይ ገባች። «ያልተመዘገበ ድምፅ ይሰማኛል። እባክዎ ስምዎን ይናገሩ።»

«ቆዪ አንቺ» አሏት አቶ ሮቤል፣ ዞር ሳይሉ። «ከልጄ ጋር እየተጫወትኩ ነው።»

ፀሐይ ኒሙን አልፋ አልጋው ላይ እስክትደርስ አልጨረሱም። ሽማግሌው ያን ዓመት ወደ መኢሶ አልተመለሱም፤ ስለታቸውን አድርሰው እዚያው ቀሩ።

ፈቃዱ በነሐሴ መጣ፣ ያለ ማንም ፊርማ፣ ኪሩቤል እንዳለው። ዶክተር ኢፍቱ እጇን በሩ ላይ ስታሳርፍ በሩ ተከፈተላት፤ ሔርሜላንም እየገፉ አስገቧት። አቶ ሮቤልና ሙና ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ዶክተሯ ጭምብሏን አውርዳ ወጣች። ቆዳው ተነሥቷል፤ ከሥሩ የነበረው ሥጋ ንጹሕ ነው፤ ሔርሜላም እየነቃች ነው አለች። ሙና አልሐምዱሊላህ አለች፤ በዚህኛው ጊዜ ከልቧ ነበር። ሽማግሌው ግን ጉልበታቸው ላይ ያለውን ባርኔጣ ብቻ አገላበጡት።

አንዲት ነርስ ትሪ ይዛ በፊታቸው ስታልፍ እንደ ደንቡ አንገቷን ዝቅ አደረገች። «እንዴት ዋሉ፣ አባባ? ደህና ነዎት?» አለች፤ አንድ እግሯም ወደፊት ተራምዶ ነበር።

አቶ ሮቤል ቀና ብለው አዩዋት።

«ቁጭ በዪ፣ ልጄ» አሉ። «ልንገርሽ።»

ነርሷ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አየች፤ ሽማግሌውንም አየች። ሙና ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀችላት።